አስራ አንድ አፍ

የእንሰት ቅጠል ከሰል ላይ ሲጋደም ጠርዙ መጀመሪያ ይኮማተራል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ ከዚያ እርጥብ ሣርና ጭስ የተቀላቀለበት ሽታ ይወጣዋል፤ ይህን ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምወደው፣ የእህቴ የሰላም አማት እማማ ማሬ ከወርቃ በመጡ ቁጥር ያመጡትን ቆጮ ከነተጠቀለለበት ቅጠል ነው የማሞቀው። ባለፈው ሐሙስ ግን ዲላ፣ በሰላም ወጥ ቤት ውስጥ ያ ሽታ ሲመጣ ደስ አላለኝም። ምክንያቱም ሳሎን ውስጥ የኬብሮንን እንጥል ስለማስቆረጥ እየተወራ ነበር።

ኬብሮን የሰላም ልጅ ነው፤ ሁለት ዓመት ሲሞላው መብላት ተወ። አቮካዶ መሬት ወድቆ ውሻ በሚጠግብበት አገር አቮካዶ ሲያይ እንደተሰደበ ሰው ፊቱን ያዞራል፤ የሚበላው ብስኩትና የዳቦ ሆድ ነው፣ እሱንም ስልክ ላይ ካርቱን ተከፍቶለት። መብራት ጠፍቶ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ አፉም አብሮ ይዘጋል። ሰላም አስተማሪ ስለሆነች ጠዋት ትወጣለች፤ እኔ ዘንድሮ ተመርቄ የሥራ ማስታወቂያ እየጠበቅኩ ስለሆነ ማብላቱ ለእኔ ተሰጠ። አምስት ዓመት ሙሉ ድልድይ ማቆም ተምሬ አንዲት ማንኪያ ከሳህን ወደ አፍ ማሻገር አቃተኝ። ትዕግስት የሚባል ነገር ደግሞ አልፈጠረብኝም፤ እውነቱን ልናገር፣ ማክሰኞ ዕለት ጉልበቴ መሃል አጣብቄ፣ አፍንጫውን ይዤ አጥሚት ጋትኩት። ሸሚዜ ላይ ተፋውና ዝም ብሎ አየኝ። አላለቀሰም። ያንን አስተያየት የት እንዳየሁት ቶሎ አልመጣልኝም።

እማማ ማሬ ሐሙስ እንደደረሱ ልጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው አፉን ከፍተው አዩና ፈረዱ።

«እንጥሉ ወርዷል። ልጁ እምቢ ብሎ መሰላችሁ? አልወርድ ብሎት ነው። የሚቆርጥ ሰው አለ፣ ቅዳሜ እንወስደዋለን።»

«እማማ፣ እንጥል እኮ አይቆረጥም! ደም ይፈሰዋል፣ ይመረዛል» አልኩ።

«አባቱም ተቆርጧል። ይኸው በር የማይበቃው ሰው ሆኗል።»

ሰላም ዝም አለች። እህቴን አውቃታለሁ፤ ዝም ስትል ወደ እሺታው ግማሽ መንገድ ሄዳለች ማለት ነው። እኔም ወጥ ቤት ገብቼ ቅጠሉን እሳት ላይ አጋደምኩና፣ በዚያ ሽታ ውስጥ ቆሜ፣ አስተያየቱን የት እንዳየሁት አስታወስኩ። የራሴ ነበር።

ኮንጋ ነበርን ያኔ፣ አባቴ እዚያ ያስተምር ነበር፤ ቤታችን ጭቃ ሆኖ ከኋላው የጎረቤታችን የእማማ ዱካሌ እንሰት ስለተተከለ ነፋስ በመጣ ቁጥር ትልልቆቹ ቅጠሎች የእኛን ቆርቆሮ በጥፊ ይመቱታል፣ ዝናብ ሲጨመርበት ደግሞ ቤቱ ውስጥ መደማመጥ አይቻልም። አምስት ዓመት ቢሆነኝ ነው። እናቴ ትኩሳት ይዞኝ ከዳንኩ በኋላ መብላት ተውኩ ትላለች፤ እኔ ማንኪያው ነው እላለሁ። ያቺ ጠርዟ የተጣመመ የብረት ማንኪያ አጥሚት ተሞልታ በቤቱ ዙሪያ ታሳድደኝ ነበር፤ እናቴ ከኋላዋ «ይቺን ለአባዬ፣ ይቺን ለሰላም፣ ይቺን ለአያትሽ» እያለች ዘመድ አዝማዱን ጠርታ ስትጨርስ የአባዬ ድርሻ ገና ጉንጬ ውስጥ ነው። አንድ ጉርሻ ከቁርስ እስከ ትምህርት ቤቱ የምሳ ደወል ጉንጬ ውስጥ ማሳደር እችል ነበር፤ በዚህ ችሎታዬ እስከዛሬ እኮራለሁ። መጨረሻ ላይ ግን እናቴ ትሰለችና እግሯ መሃል አስገብታ ትግተኝ ጀመር። እኔም እተፋና ዝም ብዬ አያታለሁ።

አንድ ቀን የአባቴ አክስት መጥተው አፌን አዩ። «እንጥሏ ወርዷል» አሉ። ቆራጩ ሰውዬ በገበያ ቀን እንደሚመጣ ተነጋገሩ። እኔ መደብ ላይ የተኛሁ መስዬ እየሰማሁ ነበር። ከዚያ በፊት ከታች ሰፈር አንዲት ልጅ ተቆርጣ፣ ነጭ ጨርቅ አፏ ላይ ይዛ በእናቷ ጀርባ ስትመለስ አይቻለሁ፤ ማልቀስ ፈልጋ ማልቀስ ያቃታት ልጅ ከዚያ በኋላ አላየሁም።

እማማ ዱካሌ ነገሩን ከማን እንደሰሙ አላውቅም። ረጅም ሴትዮ ነበሩ፣ ከፊት አንድ ጥርስ ብቻ የቀራቸው፤ ድምፃቸው ግን አንድ ጎሎት አያውቅም። በማግስቱ ጠዋት አጥሩ ጋ ቆሙ።

«አንቺ! ይቺን ልጅ ለዛሬ ስጪኝ፣ እጅ አጥሮኛል።»

«ምን ትሠራልዎታለች እማማ፣ ዶሮ የምታክል?» አለች እናቴ።

«እጅ አላት አይደለም?»

እንሰት የሚፋቅበት ቀን ነበር። የተቆረጠው እንሰት እየተሰነጠቀ ጥላ ስር ተደርድሮ፣ ሴቶቹ አንድ እግራቸውን ወደ ላይ ሰቅለው በተረከዛቸው ግንዱን ከሳንቃው ጋር ያጣብቁና በተሰነጠቀ ቀርከሃ ከላይ ወደ ታች ይፍቁታል፤ ሸርተት ባለ ቁጥር ነጩ ሥጋ ይወርዳል፣ ውሃው በክንዳቸው ይንቆረቆራል፣ ቅጠል ላይ የሚፈሰው ድምፅና የሴቶቹ ሳቅ አይለይም። ወንድ እዚያ አይጠጋም። አባቴ እንኳ ሊያየኝ መጥቶ ከመንገዱ ላይ ጉሮሮውን ጠረገና ተመለሰ። አስራ አንድ ሴቶች ነበሩ፤ አንዳቸውም ብዪ አላሉኝም። ብዪ ሳይባል እንዲህ ያለ ረጅም ጠዋት አሳልፌ ስለማላውቅ ደንግጬ ነበር ማለት ይቻላል።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ እማማ ዱካሌ ትኩስ ቆጮና በቅቤ የተለወሰ ጎመን ትልቅ ቅጠል ላይ ዘርግተው ፊቴ አስቀመጡ። የሴቶቹ እጅ እስከ ክርን ድረስ በእንሰት ውሃ ተለቅልቋል፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ያጠቁራል፣ ታጥቦ ቶሎ አይለቅም። ለካ እንሰት በሚፋቅበት ቀን የሚያጎርሰው ልጅ ነው።

«በይ፣ አፍ እየጠበቀሽ ነው» አሉኝ።

ቆጮ ቆርሼ፣ ጎመን ጠቅልዬ ለእማማ ዱካሌ ወሰድኩላቸው። አፋቸውን ገጥመው ዘጉ። የተዘጋ አፍ ከማንኪያው በኩል ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር፤ እንዴት እንደሚያናድድ!

«ሳትቀምሺ? ምን እንደከተትሽበት በምን አውቃለሁ?»

ቀመስኩ። ዋጥኩ። አፋቸውን ከፈቱ። ወደ ቀጣይዋ ስሄድ እሷም ዘጋች፤ «የእሳቸው ተቀምሷል፣ የእኔስ?» አስራ አንዱም ይህንኑ አሉ። አንዷ «ይቺ ናት ጉርሻ? ለጫጩት ነው እንዴ?» ስትል፣ ሌላዋ «አስተማሪው ልጁን መቁጠር እንጂ ማጉረስ አላስተማራትም» ስትል፣ እኔ እየሮጥኩ እቀምሳለሁ፣ አጎርሳለሁ፣ ማኘክ ያበዛችውን በእናቴ ድምፅ «ዋጪ!» እያልኩ እቆጣለሁ። ያን ቀን ጌታ ነበርኩ። ሁለት ዙር ሄድኩ፤ በሳምንት ያልበላሁትን በልቼ ስጨርስ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም። አሁን ሳስበው ሁሉም አይተውኛል፣ ሁሉም ዝም ብለዋል።

ሲመሽ እማማ ዱካሌ በእጄ ይዘው አጥሩ ጋ አመጡኝና ለእናቴ፣ «እንጥሏ ቦታው ላይ ነው። ስትስቅ ይታያል» አሏት። በገበያው ቀን ሰውዬው መጥቶ ሄደ፤ እኔ እማማ ዱካሌ ጓሮ ነበርኩ።

እንግዲህ ዓርብ ከሰዓት የቆሸሸ እጅ ፈለግኩ። ዲላ ከተማ ውስጥ የሚፋቅ እንሰት የለም፣ ግን ሰላም ከሥራ መጥታ ልብስ ልታጥብ እጇን አረፋ ውስጥ ከተተች፣ እማማ ማሬ የቀረውን ቆጮ እያሹ ነበር፣ እኔ ሆን ብዬ ከሰል በእጄ ሰባበርኩ። የሞቀውን ቆጮና ጎመን ቅጠሉ ላይ አድርጌ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ።

«ኬቢ፣ እጄ ቆሽሿል። ራበኝ። አጉርሰኝ።»

ስልኩን በዓይኑ ፈለገ። የለም። እጄን አየ፣ እናቱን አየ፣ ከዚያ ግማሹን እያፈሰሰ ቆርሶ ተነሳ፤ ግን ወደ እኔ አልመጣም፣ ወደ አያቱ ሄደ። ለእማማ ማሬ አንድ ቃል አልነገርኳቸውም ነበር። አንገታቸውን ዘወር አደረጉ።

«ሳትቀምስ? ጉድ እኮ ነው! ሳትቀምስ አያትህን ልታጎርስ?»

የከሰሉ ስባሪ ከእጄ ወደቀ። እሳቸውም በዚያው ቅጠል ነው ያደጉት፤ አፋቸው አልረሳም። ኬብሮን ግራ ገብቶት ጉርሻውን አየው፣ ከጠርዙ ነከሰ፣ አኘከ፣ ዋጠ። አያቱ አፋቸውን ከፈቱ። ሰላም በአረፋ እጇ ፊቷን ሸፍና ስትስቅ ወደ እሷ ሮጠ፤ እሷም ዘጋች፣ እሱም ቀመሰ። ከዚያ እኔ። ከዚያ እንደገና አያቱ።

«እማማ፣ እንጥሉስ?» አልኩ፤ ዝም ማለት አልችልም።

እያኘኩ፣ «ወግጂ፣ ልጁን ሥራ አታስፈቺው» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ወርቃ ብቻቸውን ሄዱ። ኬብሮን ሆዳም ሆነ እንዳይመስላችሁ፤ እሁድ አቮካዶውን ግድግዳ ላይ ለጥፎታል። እኔ ግን አፍንጫውን ሁለተኛ አልይዝም፣ ቅዳሜ የሚባል ቀጠሮም የለም።

አንድ ነገር ብቻ ከዓርብ ጀምሮ አልለቀቀኝም። እማማ ዱካሌ እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አረፉ፤ ፈተና ነበረብኝ፣ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። አምና ኮንጋ ስሄድ ከቤታችን ኋላ የነበረው እንሰት ተመንግሎ የሚከራይ ክፍል ተደርድሮበታል፤ ቆርቆሮውን የሚመታው ቅጠል ስለሌለ ዝናቡ ብቻውን ይሰማል። እና ዓርብ ዕለት ኬብሮን ሦስታችንንም ሁለት ሁለት ጊዜ አጉርሶ ጠገብን ስንለው አንድ ጉርሻ ተርፎት በእጁ ያዘና ዞር ዞር አለ። ወጥ ቤቱን አየ። ሳሎኑን አየ። ከዚያ እየተንገዳገደ ወደ ግቢው የብረት በር ሄዶ ቆመ፣ እጁን እንደዘረጋ። ከበሩ ማዶ ስማቸውን እንኳ የማላውቃቸው ጎረቤቶች አሉ። እኔ አስራ አንድ አፍ ነበረኝ፤ እሱ በሦስት አለቀበት።

እጄ ጥላሸት ስለነበረ መቀርቀሪያውን በክርኔ ገፍቼ ከፈትኩለት።