የስልሳ ሦስት ቤት ሶኬት

ሰፈሩ እትዬ መስመር ይላታል። ሃያ ሁለት ዓመት የካርቶን ፋብሪካ ጸሐፊ ነበረች። ፋብሪካው ሲዘጋ አንድ የኢንተርኔት ድርጅት ወኪል አደረጋት። ደንቡ ቀላል ነው፤ ያስመዘገበችው ቤት በየወሩ እስከከፈለ ድረስ ለሷም ትንሽ ኮሚሽን ይደርሳታል። ስልጠናውን የሰጠው ከረባታም ልጅ፣ «አንዴ ትለፋላችሁ፤ ከዚያ ተኝታችሁ መብላት ነው» ብሏቸው ነበር።

በአራት ዓመት ስልሳ ሦስት ቤት አስመዘገበች። የሷና የባሏ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚያ ነው። መተኛቱን ግን አላየችውም። መስመር በጠፋ ቁጥር ሰው የሚደውለው ለድርጅቱ ሳይሆን ለሷ ነው። የሰው ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ጉልበቷ አለቀና ኦፕራሲዮን ሆነች። ሐኪሙ ዐሥር ቀን ከአልጋ ንቅንቅ እንዳትል አስጠነቀቃት።

ባሏ ጡረታ የወጣ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ስልኳን ወስዶ ኪሱ ከተተ።

«አንቺ እረፊ። እኔ አለሁ።»

«መኖርህማ ነው ያስፈራኝ» አለች።

የፈራችው አልቀረም። ሹፌሩ ለደወለ ሁሉ መልሱ አንድ ነበር፦ «ለድርጅቱ ደውል፤ ቁጥሩ የኢንተርኔት ሳጥኑ ላይ አለ።» በሦስተኛው ቀን ደንበኛዋ ልብስ ሰፊው የኢንተርኔት መስመሩን አዘጋ። በማግስቱ ደግሞ አራት ክፍል የምታከራየው ሴትዮ፣ እስከ ማታ ካልተሠራላት የአራቱንም ክፍል መስመር እንደምታዘጋ ተናገረች። ሹፌሩ ይህን ለሚስቱ ያወራላት እንደ ቀልድ ነው።

እሷ አልሳቀችም። «አምስት ቤት ከጎደለ ኪራዩ አይሞላም። ስልኩን አምጣ።»

«ሐኪሙ እረፍት ብሏል።»

«የተቀደደው ጉልበቴ ነው እንጂ ምላሴ ነው እንዴ? አምጣ አልኩህ!»

አመጣ። አከራይዋ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች።

«እትዬ! እንዴት ሆኑልኝ? ባልዎ ግን ምን ነክቷቸው ነው? ጆሮዬ ላይ ዘጉት እኮ።»

«ተይው የኔ እህት፤ ዕድሜውን ሙሉ ከሞተር ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው ነው። ይልቅ ንገሪኝ፣ እናትሽ ትናንት ልብስ ተኩሰዋል?»

«አዎ፣ መጋረጃ... ምነው?»

«የአራቱንም ሳጥን ማከፋፈያ ነቅለው ካውያውን ሰክተው ነዋ! ከሶፋው ኋላ ያለውን ሶኬት እዪው።»

«እማዬ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ጥቂት ቆይቶ ከየክፍሉ «መጣ! መጣ!» ተባለ።

ሹፌሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። «እዚህ ተኝተሽ እንዴት አወቅሽ?»

እሷ የሰፈሩን ቤት ሁሉ የምታውቀው በሶኬቱ ነው። እስክሪብቶና ደብተር አስያዘችውና ታስጽፈው ጀመር።

«ጡረተኛዋ መምህርት፦ ምንም አይበላሽባትም፤ ወሬ ፈልጋ ነው። የልጅ ልጇን ጤና ጠይቃት። ፋርማሲስቱ፦ የይለፍ ቃሉን ይረሳል። የድሮ እጮኛው ስም ነው፤ ሰው ባለበት ጮክ ብለህ እንዳትናገር። ልብስ ሰፊው፦ ድመቷ ሙቀት ስለምትወድ ሳጥኑ ላይ ትተኛለች፤ ሲግል መስመሩ ይጠፋል። ውረጂ በላት በለው እንጂ ድመቷን እንዳትሰድብ፤ ይቀየማል።»

ሹፌሩ መጻፉን አቆመ።

«ሰድቤያታለሁ» አለ።

«ምን ብለህ?»

ሹፌሩ ስልኩን ይዞ ኮሪደሩ ላይ ወጣ። አልነሳ እንዳለ ሞተር ሦስት ጊዜ ሲያስል በበሩ ሰማችው።

«ጌታው... ስለ ድመቷ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ... አዎ፣ ቆንጆ ናት። አይቻታለሁ። እሺ... እሺ። ነገ መጥቼ መደርደሪያ እሠራላታለሁ፤ ፀሐይ የሚመታበት በኩል።»

ላቡን እየጠረገ ገባ። «ልብስ ሰፊው ተመልሷል።»

«ጥፋቱ የኔ ነው ስትል ሰምቼሃለሁ። ሠላሳ ዓመት አብረን ስንኖር ለኔ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

«አንቺ እንደሱ ጥዬህ እሄዳለሁ ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

ስትስቅ ጉልበቷን አመማት፤ ሳቋን ግን አላቆመችም።