አንድ ዓይን የቀረው መነኩሴ

በላይነህ በስደት አገር፣ አል-ማንሺያ በሚባል ሰፈር የሀብታም ቪላ ይጠብቃል፤ ልቡ ግን ጀብራ ሰፈር፣ በተከራያት አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ዘጠኝ ቆርቆሮ ሙሉ የካርቱን ፊልም ላይ ነው። ተራ ካርቱን እንዳይመስላችሁ። ከተረት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕልና ከሰፌድ ጌጥ የተቀዱ፣ ሠሪዎቻቸው እንኳ የረሷቸው ፊልሞች ናቸው። ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴና አገር ከሚለቅ ፈረንጅ እየለመነ ሃያ ዓመት አጠራቅሟቸዋል። ሚስቱ ጸሐይወርቅ «የሰው ባል ወርቅ ይዞ ይገባል፤ የኔው የሕፃን ፊልም» ትላለች።

የዘንድሮው ሙቀት ግን ቀልድ አያውቅም። ፊልሞቹ እየተጠማዘዙ ኮምጣጤ ኮምጣጤ መሽተት ጀመሩ፤ ቀዝቃዛ ቦታ ካላገኙ አለቀላቸው። የሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ግንቡ ወፍራም የሆነ ዕቃ ቤት አለው፤ ቁልፉ የሰበካ ሊቀመንበሩ ጋሽ ሻምበል ኪስ ውስጥ ነው። በላይነህ ቢለምናቸው፣ «መንፈሳዊ ከሆነ እንየዋ!» አሉ።

በላይነህ በጣም የሚሳሳለትን መረጠ፤ ሰይጣንን ጤፍ ያስለቀመ መነኩሴ ታሪክ። አሳሳሉ እንደ ግድግዳ ሥዕላችን ነው፦ ጻድቁ ሁለት ዓይኑን አፍጥጦ ፊት ለፊት ያያል፣ ሰይጣኑ በጎን፣ በአንድ ዓይኑ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ሞላ። ሰይጣኑ ጤፍ ሲለቅም ሕዝቡ ተንከተከተ። በላይነህ ቁልፉን የጨበጠ ያህል ተሰማው።

ከዚያ መነኩሴው ሥራውን ሊቆጣጠር ዘወር አለ። ዘወር ሲል ፊቱ በጎን ሆነ፤ ለአንዲት ቅጽበት አንድ ዓይን ብቻ ቀረው።

«አቁም!» ጋሽ ሻምበል ተነሡ። «አባታችንን ከሰይጣን ጎራ አሰለፍካቸው! ያላ፣ መቀስ አምጡና ይቆረጥ። አለዚያ ዕቃ ቤቱን ኻላስ፣ እርሳው!»

«ጋሼ፣ ሰው ሲዞር እኮ...» በላይነህ ሊያስረዳ ሞከረ። የዚህ ፊልም ሌላ ቅጂ መኖሩን አያውቅም። ሌሎቹን ለማዳን የአንዱን አንገት መቁረጥ ሊኖርበት ነው። እጁ ወደ መቀሱ ሲሄድ ራሱን ጠላው።

ይኼኔ ጸሐይወርቅ ከኋላ ወንበር፣ «ጋሽ ሻምበል፣ በሩ ላይ የቆመው ማነው?» አለች። ጋሽ ሻምበል ዘወር አሉ። «ወላሂ፣ እርስዎም አንድ ዓይን ቀረዎት!» አለቻቸው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ቄሱ እንኳ አፋቸውን በነጠላ ሸፈኑ። ጋሽ ሻምበል ብቻ ሳይስቁ ቁልፋቸውን ይዘው ወጡ።

በላይነህ ቆርቆሮውን ታቅፎ ከሚስቱ ጋር በሚኒባስ ሲመለስ፣ «አንጀቴን አራስሽው፤ ዕቃ ቤቱን ግን አሳጣሽኝ» አላት። ቤት እንደገቡ አልጋቸውን ከጥግ ትጎትት ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፀሐይ የማያገኘው ይኼ ጥግ ብቻ ነው። ፊልሞችህን እዚህ አስቀምጥ፤ እኛ ግቢ እንተኛለን።»

በላይነህ የአልጋውን ሌላ ጫፍ ያዘ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ስለነበር አልጋውን ሲያወጡ በሩን ሁለት ጊዜ ሳተው።