የጎበዜ እንቁላል

ልጄ ባለፈው ክረምት ቡችላ ታቅፋ ስትገባ መጀመሪያ ያየሁት የፊት እግሮቹን ነው። ቀጥ ያሉ ነበሩ። እሷ ስም ልታወጣለት ስትጨነቅ የእኔ ሐሳብ ወዳደግሁባት ከተማ ወደ መርሳ ሄዷል፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር።

የዚያን ጊዜው ቡችላዬ ጎበዜ ይባል ነበር። ገና ከእናቱ እንደተለየ አባቴ ከሥራ ሲመለስ ኮቱ ውስጥ ሸጉጦ አመጣልኝ። ምን እንደማበላው ስላላወቅሁ እንስሳት ክሊኒክ ወደሚሠሩት ጋሽ እሸቱ ወሰድኩት። እሳቸው የሚያክሙት በሬና በግ ነው፤ ለቡችላ ምክር ፈልጎ የሄደባቸው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቢሆንም አልሳቁብኝም። እንጀራ ብቻውን እንደማያሳድገው፣ ሥጋ ብቻውንም ለአጥንቱ እንደማይበቃው አስረዱኝ። በቀን አራት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፤ የተቀቀለ እንቁላል፣ ወተት፣ ሲገኝም ጉበት ከሩዝ ጋር። የእንቁላሉን ቅርፊት አድርቄ፣ ፈጭቼ እንድነሰንስለት፣ በርበሬና ሽንኩርት እንዳላስነካው ነገሩኝ። ሁሉንም ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ ጻፍኩት። ቅርፊቱን በሙቀጫ ስወቅጥ የሚሸተው ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ላይ አለ። ጎበዜም ወፈረ፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከማንጎው ዛፍ ሥር ተወርውሮ ይመጣና ቦርሳዬን ይጎትት ነበር።

ከዚያ አባቴ ወደ ወልድያ ተዛወረ። እዚያ የተከራየነው ቤት ባለቤት ውሻ አልፈልግም አሉ። ጎበዜን የተቀበለችኝ እዚያው መርሳ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ሰብለ ነበረች። በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች፤ ፀጉሬን የምትሠራኝ፣ የቤት ሥራዬን የምታሳየኝ እሷ ነበረች። እንቁላል የሚጥሉ ሁለት ዶሮዎቼን ከደብተሩ ገጽ ጋር ሰጠኋት።

«አንቺ ብቻ ተማሪ፤ እኔ ካንቺ አስበልጬ አሳድገዋለሁ» አለችኝ።

እሑድ እሑድ በአባቴ ስልክ እደውልላታለሁ። እንቁላሉን በሁለት ጉርሻ እንደጨረሰው፣ ወተቱን እስኪያልበው እንደጠጣ፣ ቅርፊቱንም እንዳልረሳችበት ትነግረኛለች። አባቴ አንድ ጊዜ ለሥራ መርሳ ደርሶ ሲመለስ ስለ ጎበዜ ጠየቅሁት። «አድጓል» አለኝ፣ ጫማውን እየፈታ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

የመንፈቅ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ ከአባቴ ጋር በሚኒባስ ሄድን። ጎበዜ ጓሮ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ታስሮ ነበር። ድምፄን ሲሰማ ሊሮጥ ተነሳና በደረቱ ወደቀ። የፊት እግሮቹ እንደ ቅንፍ ወደ ውጭ ጎብጠዋል። አጠገቡ ባለው ጣሳ ውስጥ ቀይ ወጥ የነካካው ደረቅ እንጀራ ነበር።

ሰብለን ቤት ውስጥ አገኘኋት። እንቁላል በብርጭቆ መትታ ፀጉሯን እየተቀባች ነበር። የማን እንቁላል እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ውሻ እኮ ነው፤ እንጀራ መች ተከለከለ» አለችኝ፣ እጇን ሳታቋርጥ።

የደብተሬ ገጽ ስልኩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ለካ እሑድ እሑድ የምትነግረኝን ሁሉ የምታነበው ከራሴ ጽሑፍ ላይ ነው። ወደ አባቴ ዞርኩ።

«አባዬ፣ አይተኸው ነበር?»

«እንዳታለቅሺ ብዬ ነው» አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

ከሰብለ ይልቅ አንጀቴን የቆረጠው ይሄ ነው።

ጋሽ እሸቱ እግሮቹን ዳብሰው፣ ምግቡ ከተስተካከለ ከዚህ እንደማይብስበት፣ እንደ ድሮው ቀጥ ማለቱን ግን እንደሚጠራጠሩ ነገሩን። አባቴ እዚያው ቆሞ ለአከራያችን ደወለና ለመናቸው፤ ጎበዜን ይዘነው ወደ ወልድያ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ቢሮ ሳይገባ እንቁላሉን የሚቀቅለው እሱ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ጎበዜ ሰባት ዓመት ኖረ፤ ደረጃ መውጣት ግን አልቻለም።

ሰብለ አሁን መርሳ ትዳር ይዛ፣ ልጆች ወልዳ ትኖራለች። ለበዓል ስንገናኝ እንሳሳማለን። ያንን ነገር ረስታዋለች፤ እኔም አላነሳባትም።

የልጄን ቡችላ ሥራ ስንውል የምታበላልን ጎረቤታችን ናት። ጥሩ ሰው ናት። ያኔ ቢሆን ቃሏ ብቻ ይበቃኝ ነበር። ዛሬ ግን በሥራ ሰዓት መሃል ባጃጅ ይዤ፣ ሳልነግራት ብቅ እላለሁ። ቡችላው ጠግቦ ተኝቶ አገኘዋለሁ። በራሴ አፍሬ ወደ ቢሮ እመለሳለሁ፤ በሳምንቱም ደግሜ እሄዳለሁ።