ለአባባ የተሠራው ጭኮ

የተነጠረ ቅቤ ከተቆላ ገብስ ዱቄት ጋር ሲታሽ የሚያወጣው ሽታ ዛሬም አይስማማኝም። ትናንት ከነቀምት አምቦ ለመሄድ ስንቅ ሳሰናዳ ሁለቱ ልጆቼ ጣታቸውን ሳህኑ ውስጥ እየሰደዱ ሲስቁ፣ እኔ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትኩ። ጭኮ ደህና ስንቅ ነው፤ ሳምንት ቢቆይ አይበላሽም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ያን ክረምት እናቴ ሦስት ልጆቿን ይዛ፣ ብቻዋን፣ ከአምቦ መንዝ ድረስ ልትሄድ ቆረጠች። እሷ አስተማሪ ስለሆነች ትምህርት ቤት ተዘግቶላታል፤ አባቴ ጋምቤላ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ወንድሜ መኪና ላይ ያስመልሰዋል፤ እህቴ ግንቦት ላይ የተወለደች ጨቅላ ናት። የጉዞው ምክንያትም እሷው ነበረች። መንዝ ያሉት አያቴ፣ የእናቴ አባት፣ አርጅተው ነበርና እናቴ «አባዬ አንድ ቀን እንኳ ይቀፋት» ትል ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ያ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ይውላል። ወዲያው በማግስቱ መነሣት ነበረብን፤ ፍልሰታ ከገባ አያቴ ቅቤ ያለበት ነገር አይቀምሱማ።

እቅዱን በቃሌ አውቀዋለሁ። የመጀመሪያው ቀን አዲስ ዓለም፣ ማርያምን ተሳልመን አክስቷ ቤት እናድራለን። ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያ የዳገቱ መንገድ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እናቴ ሳሎን ያለውን አግዳሚ ወንበር አውቶብስ አድርጋ ታለማምደን ነበር። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ፣ ወንድሜ በመስኮት በኩል ሎሚ ይዞ፣ እኔ ፔርሙዙን በጉልበቶቼ መሀል አጣብቄ።

«ሾፌሩ ለሽንት ሲያቆም የወንድምሽን እጅ ማን ይይዛል?»

«እኔ።»

ጎረቤታችን፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው ባልቴት፣ በር ላይ ቆመው ረዳት ይሆኑልን ነበር። «ሂሳብ! ሂሳብ!» ይላሉ፤ እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ለአያቴ የሚሄደውን ጭኮም ከእናቴ ጋር ያሹት እሳቸው ናቸው። እጃቸው በቅቤ ወዝቶ እንዲህ ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፦ «ቅቤ ጨምሪ እንጂ ልጄ፤ አባትሽ ጥርስ የላቸውም ብለሽኝ የለ?»

እናቴ በየሳምንቱ መንዝ ትደውል ነበር። ስልኩን የሚያነሣው አጎቴ ነው። አንድ ቀን አባዬ ተኝቷል ይላታል፣ ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን ሄዷል፣ ሌላ ቀን ኔትወርኩ ይቆራረጣል። «አትቀስቅሰው» ትላለች እሷ፤ «ልጄን ይዤለት እንደምመጣ ብቻ ንገረው።» «እሺ፣ እነግረዋለሁ» ይላል። ይኼን «እሺ» እስካሁን ይቅር አላልኩትም።

አባቴ ለክርስትናው መጣ። እራት ሳይበላ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ፤ እናቴ ግን መንገዱ አድክሞት ነው አለች። በማግስቱ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰችን፣ ሹራብ ደራርባ አለበሰችን፣ ሻንጣውን በገመድ አሰረች። በሩ ሲንኳኳ «ባጃጁ መጣ!» ብላ እየሮጠች ከፈተች።

ባጃጅ አልነበረም። ደጁ በጋቢ በተከናነቡ የዕድር ሰዎች ሞልቷል። ከፊት አዴ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። እናቴ ነጠላውን አየች፤ ቀና ብላም ማንንም አላየችም።

«አባዬ ነው?»

አዴ አንገታቸውን ደፉ።

«መቼ?»

«ግንቦት» አለ አባቴ ከጀርባዋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ግንቦት። አራስ ቤት ሳለች ነው። ቀብሩ አልፏል፣ አርባው ወጥቷል። አራስ መርዶ አይነገራትም ብለው፣ ከጋምቤላ እስከ መንዝ መክረው፣ ክርስትናው ይለፍ ተባብለዋል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል ይኼ ነው። እሷ ለሞተ ሰው ሻንጣ ስታሰናዳ ሰፈሩ ሁሉ ስንቅ አቀበላት።

ጩኸቷን የምትለቅ መስሎኝ ጆሮዬን ያዝኩ። አልጮኸችም። ወደ አዴ ዞረች።

«ቅቤ ጨምሪ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም?»

አዴ አለቀሱ። «ማል ጎዱ ሬ፣ ኢንታላ ኮ? ምን ላድርግ፣ ልጄ? ወተትሽ ይደርቅ ነበር እኮ!»

ደግነት ነበር ይላሉ እስከ ዛሬ። ይሁን፤ ወተቷም አልደረቀም። ግን ያን ቀን ከእናቴ ውስጥ የደረቀ ነገር አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሲስቅላት ፊቱን ትመረምራለች። መንዝም አልሄድንም። «ማን ሊቀበለኝ?» አለች። ጭኮው ተከድኖ ቁም ሣጥን ላይ ተቀመጠ፤ ፍልሰታ ገባ፣ ማንም አልነካውም። ጾሙ የተፈታ ዕለት አወረደችውና ወንድሜንና እኔን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ በየተራ አጎረሰችን። እሷ አልቀመሰችም። ወንድሜ ጉርሻውን ሳይውጥ ሎሚውን ፍለጋ ኪሱን ዳበሰ።

እንግዲህ አሁን እኔም ብቻዬን ነኝ፤ ባሌ ሥራ ላይ ነው፣ ክረምት ነው፣ ልጆቼ አያታቸውን ሊያዩ ሻንጣቸውን ተሸክመው ቤቱን ይዞራሉ። ትናንት ጭኮውን ከድኜ አምቦ ደወልኩ። ከእናቴ ጋር የሚኖረው ወንድሜ አነሣው።

«እማዬስ?»

«ተኝታለች» አለኝ።

«ቀስቅሳት» አልኩት።

«ምነው፣ አሁን ነው እኮ ጋደም ያለችው…»

«ቀስቅሳት አልኩህ!»

ከዚያ የነጠላ ጫማ ኮቴ ሰማሁ፣ በር ሲጢጥ ሲል፣ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ። እናቴ ስልኩን ተቀበለች። ሃሎ አላለችም፣ ምን ሆንሽ ብላም አልጠየቀችኝም።

«አለሁ» አለችኝ። «አለሁ፣ ልጄ።»