የጋሽ ጨለማ ሌንስ

ሰፈሩ «ጋሽ ጨለማ» ብሎ ስም ያወጣለት በክፋት አይደለም። ቀን ቀን ጉርድ ፎቶ ሲያነሳ የሚውለው ይህ ሰው፣ የብርዱ ወራት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ጨረቃ የማትወጣባቸውን ሌሊቶች እየፈለገ ከከተማ ስለሚጠፋ ነው። ሰው ሁሉ ጨረቃ ስትደምቅ ደስ ይለዋል፤ እሱ ግን ይነጫነጫል። «ኮከቦቼን ዋጠችብኝ» ይላል።

ስቱዲዮው ግድግዳ ላይ ያለው ቀን መቁጠሪያ ለደንበኛ ቀጠሮ አይነካም። ሙሉ ጨረቃ የምትወጣበት ቀን ተከቧል፤ ያን ዕለት ከሰፈሩ የውሃ ማማ ጀርባ ብቅ ስትል ያነሳታል። ቀጭኗ ጨረቃ ከደማቅ ኮከብ ጎን የምትቆምበት ምሽትም ምልክት አለው። ጨረቃ የሌለችባቸው ሌሊቶች ደግሞ በእርሳስ ጠቁረዋል፤ እነሱ የኮከብ ናቸው። ዘንድሮ ተወርዋሪ ኮከቦች እንደ ካፊያ የሚወርዱበት ሌሊት ከጠቆሩት በአንዱ ላይ ዋለ። እንዲህ የሚገጥመው ከስንት ዓመት አንዴ ነው። ሌሊቱም የዛሬው ነው።

ሆዱን የሚበላው ግን የአምናው ፎቶ ነው። አንድም ሳይቀር ደብዝዞ ወጣ፤ ኮከቡ ሁሉ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ የጥጥ ብናኝ መሰለ። ፎቶ የምታስተካክለው ሚስቱ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ብትለው አልጠራ አላት። ጥፋቱን ሌንሱ ላይ ጥለው ለጠጋኝ ሰጡት። ዛሬ ጠዋት ሌንሱን ሊቀበሉ ሲሄዱ ግን ካሜራ ጠጋኙ ሳቀባቸው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሌንስ ከእኔ ይበልጥ ጤነኛ ነው። ፈትቼ ጠርጌ ገጠምኩት እንጂ ምንም የለበትም።»

«ታዲያ ማን አደበዘዘብን?» አለች ሚስቱ።

«እሱንማ ኮከቦቹን ጠይቂያቸው፣ እትዬ።»

ባልየው አልሳቀም።

ከሰዓት በኋላ ስቱዲዮው ጣሪያ ላይ ወጡ። ሌንሱ በእጅ የሚዞር አሮጌ ስለሆነ በጨለማ ማጥራት አይሆንለትም። ስለዚህ ገና በቀን ሩቅ ያለ ነገር ላይ፣ ውሃ ማማው ላይ ያጠራውና ቀለበቱ እንዳይነቃነቅ በፕላስተር ያስረዋል። በቀን የተሳተ ሌሊቱን ሙሉ እንደተሳተ ያድራል።

ዓይኑን ካሜራው ላይ ደቅኖ ቀለበቱን ወዲያ ወዲህ አለው። ብዙ ቆየ። ከዚያ ፕላስተሩን ጠመጠመና «አለቀ» አለ።

«እስኪ ልየው።»

«ምኑን ታዪዋለሽ? አለቀ አልኩሽ እኮ!»

ገፋ አድርጋው አጎነበሰች። ማማው ጭጋግ ውስጥ የቆመ መሰላት። ዓይን ከሚደቀንበት የካሜራው ማያ አጠገብ ማያውን ከሰው ዓይን ጋር የምታስማማ ትንሽ መዞሪያ አለች። ሚስቱ በጣቷ ዳሰሰቻት፤ እስከ መጨረሻዋ ዞራለች። ሙያው የእሷም ነውና ነገሩ ወዲያው ገባት። ቀና አለች።

«ማማው ላይ ያለው መሰላል ይታይሃል?»

«የቱ መሰላል?»

መሰላሉ ማማው ከተሠራ ጀምሮ እዚያው ነው፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል።

«ከመቼ ወዲህ ነው?»

«አምና፣ ብርዱ ሲገባ» አለ ጫማውን እያየ።

«አንተ ሰውዬ! እኔ ሌንስ ስረግም፣ ጠጋኝ ቤት ስመላለስ፣ ዝም ብለህ ታየኛለህ?»

«እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ጉርዱን የስቱዲዮው ካሜራ ራሱ ያጠራልኛል። ሥራ አልጎደለም አልኩ።»

ፕላስተሩን ላጠች፣ መዞሪያዋን ለራሷ ዓይን አስማማች፣ የመሰላሉ እርከን አንድ በአንድ እስኪለይላት አጥርታ መልሳ አሰረችው።

«በል ተነስ፣ ዓይን ሐኪም ጋ እንሂድ።»

«ነገ።»

«አሁን!»

«ጠብታ ይጨምሩብኛል እኮ። ከዚያ እስከ ነገ ብዥ ሊልብኝ ነው። ዛሬ ካመለጠኝ መቼ አገኘዋለሁ?» ድምፁ ወረደ። «አባዬን ታስታውሻቸው የለ? ሐኪም ጋ ብቻቸውን ሄደው እየተመሩ ነው የተመለሱት። ሐኪሞቹ ሳይነግሩኝ በፊት ዛሬን በዓይኔ ልይ።»

ታስታውሳለች። ሽማግሌውን እጃቸውን ይዛ ወንበራቸው ላይ ስታስቀምጥ የኖረችው እሷ ናት።

«እሳቸውም ነገ ነገ ሲሉ ነው ዓይናቸው የጠፋው» አለች።

ክሊኒኩ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ተራ ሲጠብቁ አፉ አላረፈም፤ ኮከቦቹ በየት በኩል እንደሚበረክቱ፣ ሌንሱ ጤዛ ሲይዘው በምን እንደሚጠረግ ይነግራታል።

«ገባኝ አልኩህ፤ እኔ አነሳዋለሁ። አሁን ዝም በል።»

ነርሷ ጠራችው። ተነስቶ በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ጠብታ እንጨምር ካሉኝስ?»

«ይጨምሩ።»

«ሌሊቱን አላየውማ!»

«አምናም አላየኸውም!» ካፏ አመለጣት። ከንፈሯን ነከሰች።

ወደ በሩ ዞረ። ከዚያ የበሩን እጀታ በመዳፉ ዳብሶ አገኘና ገባ።