የእቴቴ አስቴር ተራ

ልጅ ሳለሁ አርብ ቀን ቤታችን የሚሸተው በተቁላላ ሽንኩርትና በእርጥብ ፎጣ ነበር። ሪያድ ከተማ፣ ዐዚዚያ ሰፈር የምንኖርበት አሮጌ ፎቅ ከላይ እስከ ታች በእኛው አገር ሰው የተሞላ ስለነበር የአርብ ምሳ የአንድ ቤት ምሳ አልነበረም። ሁሉም ድስቱን ይዞ ወደ እኛ ቤት ይወጣል። አባቴ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ነበር፤ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ ማለት ነው፣ የጸና፣ ሳሎኑም ከሁሉም ሰፋ ያለ። ሰው ገብቶ ሲያልቅ እናቴ መስኮቶቹን ትዘጋለች፤ ፎጣ ታረጥብና በበሩ ስር ትጎሰጉሳለች። የዘፈኑ ድምፅ ደረጃው ላይ እንዳይሰማ ነው። እኔ ግን ፎጣው ሲጎሰጎስ ጨዋታ ሊጀመር ነው ብዬ ዳንኪራ እመታ ነበር። ትልልቆቹ ዘፈን የሚሰሙት ግማሽ ጆሯቸውን በሩ ላይ ጥለው እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

እቴቴ አስቴር ዘመዳችን አልነበረችም፤ እኔ ግን ከሷ የሚቀርብ ዘመድ አላውቅም። ዑለያ ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ ቢሮ ታጸዳ ነበር። ከመጀመሪያ ከፊሏ፣ ካስመጣት አሠሪ፣ ቤት ከወጣች በኋላ ሰውየው “ጠፍታለች” ብሎ ስላስመዘገባት ኢቃማ የሚባል ነገር አልነበራትም። ስድስት ዓመት እኔና እሷ አንድ ክፍል ተኛን። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ ከቢሮ በምታመጣው የጽዳት መፈረሚያ ወረቀት ጀርባ ላይ ሀ ሁ እየጻፈች። እናቴ እንደነገረችኝ፣ እኛ ቤት እስካለች ድረስ ማንም አይነካትም ነበር። ከሥራ ወደ ቤት የሚያመላልሳት አባቴ ነው፤ የፎቁ ጠባቂም የአባቴ ወዳጅ ነው። ከዚያ ቤት ውጭ ግን ሪያድ ለሷ ከዳር እስከ ዳር ኬላ ነበረች።

የእኔ እኩዮች ያን ጊዜ ታስታውሱታላችሁ። አገር ቤት ክፉ ወሬ በተሰማ በሳምንቱ ዘፈን ይወጣል። እንታረቅ፣ እንደማመጥ፣ እናታችን አታልቅስ የሚል ዘፈን። አንዱን ሳንጠግበው ሌላው ይመጣ ስለነበር እናቴ አዲስ የሰላም ዘፈን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና “ደግሞ ምን ሆኑ?” ትል ነበር። ደስ የሚለው ዜማ የሚያስፈራ ነገር ሆኖብን አረፈው።

ከሁሉም የበለጠው አምስት ዘፋኞች በአንድነት ያወጡት ነበር። አምስት ሰው፣ አምስት ቋንቋ፣ አንድ አዝማች። አዝማቹ ቁስላችሁን አሳዩኝ፣ የኔንም እዩልኝ የሚል ነገር ነው። አባቴ ሱለይ ሰፈር ጋራዥ ከሚሠራ ጓደኛው በፍላሽ አስቀድቶ አመጣውና ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካው። በሁለተኛው አርብ አንድ ልማድ ተፈጠረ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። አንዱ ቋንቋ ሲመጣ የዚያ አገር ሰው መሐል ገብቶ እንደ አገሩ ይጨፍራል፣ ሌላው ክብ ሠርቶ ያጨበጭባል፣ አዝማቹ ሲደርስ ሁሉም አንድ ላይ ይዘፍናል። ሦስተኛው ተራ የእቴቴ አስቴር ነበር። በዚያ ቤት ውስጥ ከዚያ አገር የመጣች እሷ ብቻ ስለነበረች ለብቻዋ ትገባለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ታስራለች፣ አንገቷን ሰበር ታደርጋለች፣ ቀን ሙሉ መሬት ስትወለውል የዋለች ሴት አትመስልም።

አገሯ የት እንደሆነ አልጽፍም። ብጽፍ ግማሻችሁ እዚሁ ላይ ታኮርፋላችሁ፣ ግማሻችሁ ደግሞ ከመጠን በላይ ታዝኑላታላችሁ። የመሰላችሁን አድርጉት።

ከዚያ ክፉው ወሬ ወደ እቴቴ አስቴር አገር ዞረ። ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ መኮንን፣ ሱለይ የሚሠሩት መካኒክ፣ ወንድማቸው በዚያ አገር ሱቅ ነበረው። ሱቁ ተቃጥሎበት ባዶ እጁን ሸሸ። የዚያን ሳምንት አርብ ሦስተኛው ተራ ሲደርስ ክቡ ሳሳ፤ ከፊሉ ውሃ ሊጠጣ ወጣ፣ ከፊሉ ስልኩን አየ። እቴቴ አስቴር ግን ጨፈረች። በሚቀጥለው አርብ ጋሽ መኮንን ሪሞቱን አነሱና “ያላ”፣ በሉ እንለፍ እንደማለት፣ ብለው ዘፈኑን ወደፊት አሮጡት። ዘፈኑ ተንጫጫና አራተኛው ቋንቋ ወገብ ላይ ወደቀ። አባቴ ምንጣፉን ያይ ነበር። እቴቴ አስቴር ለመግባት አንድ እግሯን አንስታ ነበር፤ መለሰችውና ሳህን መሰብሰብ ጀመረች።

ይህ ለአራት አርብ ተደጋገመ። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ስለነበርኩ የማየው የጋሽ መኮንን እጅ ወደ ሪሞቱ ሲሄድ ብቻ ነው። እቴቴ አስቴርም እጁን እያየች አንገቷን ስትደፋ አያለሁ። ትልልቅ ሰዎች ምን እንደሚያስቡ አልገባኝም፤ ሁሉም የሚያፍሩት ዘፈኑ ስለሚንጫጫና ስለሚበላሽ መሰለኝ።

እኔ ደግሞ በፎቁ የታወቅሁ ዘፈን ቆራጭ ነበርኩ። ያኔ ሁሉም የሚወደውን ዘፈን ቆርጦ የስልክ መጥሪያ የሚያደርግበት ጊዜ ነው፤ አባቴ ከሥራ ቦታ ያመጣው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ቁጭ ብዬ ለጎረቤቱ ሁሉ የምቆርጥ እኔ ነበርኩ። አንድ ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፍላሹን ከቴሌቪዥኑ ነቀልኩና ሦስተኛውን ቋንቋ አወጣሁት። ከሁለተኛው አዝማች ወደ አራተኛው ቋንቋ አገናኘሁት። መገጣጠሚያው እንዳይታወቅ ስንት ጊዜ ደጋግሜ እንደሠራሁት! በሕይወቴ እንደዚያ አሳምሬ የሠራሁት ነገር የለም። አሁን ማንም ሪሞት አያነሳም፣ እቴቴም ያንን እጅ አታይም ብዬ እንቅልፌን ለጥ ብዬ ተኛሁ።

በማግስቱ ጋሽ መኮንን ጋራዡ ሥራ በዝቶበት ቀሩ። ይህን አላሰብኩም ነበር። እቴቴ አስቴር እንደሌሉ ስታይ ፊቷ በራ። ገና ዘፈኑ ሲጀመር ወደ ክፍላችን ገብታ ነጠላዋን ለወጠች፣ ወገቧ ላይ አሰረችና ክቡ ጠርዝ ላይ ቆመች። እናቴን በክርኗ ነካ አድርጋ ስትስቅ አየኋት። ያን ጊዜ ተነስቼ ሶኬቱን መንቀል ነበረብኝ። እኔ ግን ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።

ሁለተኛው ቋንቋ አለቀ፣ አዝማቹ መጣ፣ ሁሉም ዘፈነ። ከአዝማቹ በኋላ እቴቴ አስቴር መሐል ገባች። አራተኛው ቋንቋ ጀመረ። አልተንጫጫም፣ አልተቆራረጠም፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ የተዘፈነ ይመስል ነበር። እሷ እጆቿን እንደዘረጋች ቆመች። የአራተኛው ቋንቋ ሰዎች ትንሽ ፈራ ተባ አሉና በግራና በቀኟ ገብተው ጨፈሩ፤ ሌላው ማጨብጨቡን ቀጠለ። ቁስላችሁን አሳዩኝ እያሉ ዘፈኑ። እሷ ዘፈኑ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው መሐል ቆማ አንድ በአንድ ፊታቸውን ታይ ነበር። ከዚያ ነጠላዋን ፈታችና የሁሉንም ሳህን አጠበች።

እሑድ ጠዋት ሻንጣዋን ዘጋች። እናቴ በሩ ላይ ቆማ “ምነው እህቴ? ማን ምን አለሽ?” አለቻት።

“ማንም ምንም አላለኝም” አለች እቴቴ አስቴር። ሱለይ ከአንዲት የአገሯ ልጅ ጋር ልትኖር እንደሆነ፣ ላገኘችው አዲስ ሥራም እንደሚቀርባት ተናገረች። አባቴ የዚያ ሰፈር ነገር ጥሩ እንዳልሆነ፣ ፍተሻ እንደበዛ ነገራት። “ኢንሻአላህ ምንም አልሆንም” አለችው። እኔን ግንባሬን ስማኝ ወጣች። ስትስመኝ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር።

ወሩ ሳያልቅ የምትኖርበት ቤት ተፈተሸ። አባቴ የቀረ ልብሷን በፌስታል ይዞ ተርሂል፣ ሰው ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የሚታሰርበት ቦታ፣ ሦስት ቀን ተመላለሰ፤ በሩ ላይ “ኸላስ”፣ አበቃ፣ ብለው መለሱት። ጫማ እንኳ በወጉ ሳታደርግ ተሳፍራ ሄደች አሉ፣ ያውም ያኔ ሰው ሁሉ እየጣለው ወደሚሸሽ አገር። አባቴና ጋሽ መኮንን በዚህ ተጣሉ። አባቴ ሪሞት ማንሳት የጀመርክ አንተ ነህ፣ ዘፈኑንም ያስቆረጥከው አንተ ነህ አላቸው። ጋሽ መኮንን በዚያ ቀን እንኳ እንዳልነበሩ እየማሉ አለቀሱ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማለሁ። ከዚያ አልወጣሁም። የአርብ ምሳም በዚያው ቀረ፤ ሁሉም በየቤቱ በሩን ዘግቶ መብላት ጀመረ።

አሁን እኔም ዑለያ ነው የምሠራው፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ መቀበያ ላይ። ባለፈው ዓመት አንዲት ታካሚ ስታወራ እቴቴ አስቴርን የምታውቅ ሆና ተገኘች። የእቴቴን ስልክ ቁጥር ተቀበልኳትና አንድ ሳምንት ሙሉ ስፈራ ቆይቼ ደወልኩ። ድምፅዋ ጎርነን ብሏል። ትንሽ ሱቅ እንዳላት፣ እናቷን እንደቀበረች፣ እንዳላገባች ነገረችኝ። እኔም እያለቀስኩ ነገርኳት፤ ዘፈኑን የቆረጥኩት እኔ ነኝ አልኳት።

“አውቅ ነበር እኮ” አለችኝ። “እዚያ ቤት መቁረጥ ማን ይችላል? አንቺ ልጅ ነበርሽ፣ በአንቺ አልተቀየምኩም። እኔ እዚያ መሐል የቆምኩት ሌላ ነገር ስጠብቅ ነው። ያን ያህል ሰው ነበር፤ አንዱ ‘የአስቴርስ ተራ?’ ይላል ብዬ ነው የጠበቅኩት።” ከዚያ ስለ ትዳር ጠየቀችኝ፣ ፊደል እንዳልረሳ መከረችኝ፣ መስመሩ ሲቆራረጥ ተሰናበትን።

ያን ቀን ከሥራ ስመለስ ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ልጅ እያለሁ የተጽናናሁት በአንድ ነገር ነበር፤ በጭብጨባው መሐል መቆረጡን ያኔውኑ የሰማነው እኔና እሷ ብቻ ነን፣ አባቴም የደረሰበት በኋላ ነው ብዬ። እናቴን “ያን ቀን ሰምተሽ ነበር?” አልኳት።

ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ሁላችንም ሰምተናል” አለች። “ያለ ጠብ አለፈ ብዬ ተመስገን አልኩ።”

ዛሬ የሰላም ዘፈን እንደያኔው በፍላሽ አይመጣም፤ አገር ቤት በወጣ በደቂቃው ስልካችን ላይ ነው፣ ቋንቋውም ከአምስት በልጧል። ባለፈው አንድ ሰርግ ላይ አንዱ ተከፈተና ሁላችንም አጨበጨብን። ያኔ የምፈራው ጥፋቴ እንዳይታወቅብኝ ነበር። አሁን በእንዲህ ያለ ዘፈን መሐል የማየው የሰዎቹን ፊት ነው፣ እናቴንም ጨምሮ፤ እወዳቸዋለሁ፣ እፈራቸዋለሁም።