አጎቴና አሥራ ስምንቱ በርሜሎች

የወይን ለቀማው ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው የእርሻው ግቢ በሥራ ድምፅ ይሞላል። መቀሶቹ ይሞረዳሉ፤ የመልቀሚያ ሣጥኖቹ ታጥበው ፀሐይ ላይ ይደፋሉ፤ የመጭመቂያው ብሎኖች በቅባት ይታሻሉ። ከሁሉ በፊት ግን የሚታዩት በርሜሎቹ ናቸው። ወራት ባዶውን የቆመ የእንጨት በርሜል ይደርቃል፤ ውሃ ጠጥቶ ካላበጠ በየስንጥቁ ያፈሳል። አንዳንዱ ደግሞ ሳይታወቅ ውስጡ ይኮመጥጣል፤ እንዲህ ያለው በርሜል የተጨመረበትን ወይን ሁሉ ኮምጣጤ ያደርገዋል።

ይህን የሚለየው አጎቴ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ውታፉን ነቅሎ፣ አፍንጫውን በርሜሉ አፍ ላይ ደቅኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አንዴ ይስባል። ደህና ከሆነ በጠመኔ መስቀል ያደርግበታል። ካልሆነ ጎኑን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ "ይሄ ታሟል" ይላል። እውነተኛ ስሙ ተረስቶ ሁሉም "ጋሼ አፍንጫ" ይለው ነበር። ከሠራተኞቹ አለቃ ጋርማ ቀልድ አያልቅባቸውም።

"ጋሼ አፍንጫ፣ ዛሬ ቁርሴ ምን ነበር?" ይለዋል አለቃው ፊቱ ላይ እፍ እያለ።

"ሽንኩርት። ሚስትህ ደህና አድርጋ አብስላዋለች፤ አንተ ግን አፍህን ሳትጉመጠመጥ ነው የወጣኸው።"

እኔ ወላጆቼን በልጅነቴ ስላጣሁ ያደግሁት በእሱና በሚስቱ እጅ ነው። እሷን "እትዬ" እላት ነበር። ባለፈው ዓመት ለቀማው እንዳለቀ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ሻሿን ሳያሳጥብ በላስቲክ ከረጢት ቋጥሮ፣ በኮቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ይውላል። ለማንም አላወራም፤ እኔም እንዳላየሁ ሆንኩ።

በዚህ ዓመት ሥራው ሲጀመር ከብርቱ ትኩሳት ገና ማገገሙ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እስከ ምሳ ሰዓት አሥራ ስምንት በርሜል አየ። እኔ ሣጥን እያጠብኩ መስቀሎቹ አንድ በአንድ ሲሰለፉ ሳይ ደስ አለኝ፤ አንድም የታመመ አልተገኘም። አለቃው እንደ ልማዱ መጥቶ እፍ አለበት። አጎቴ ግን "ሥራህን ሥራ" ብሎ አለፈው። ትኩሳቱ ቀልዱን ወሰደበት ተባባልን።

ለምሳ ስንበተን ከመጋዘኑ ጀርባ ጠራኝ። ከረጢቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ቋጠሮውን እየፈታ ነበር።

"እስቲ ነይ፣ የኔ ልጅ። ይሄን አሽቺልኝ።"

ሻሹን ተቀብዬ ፊቴ ላይ አደረግሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

"ምን ይላል?" አለኝ።

"የእትዬ ሽታ ነው፣ ጋሼ። ሳሙናዋ፣ የፀጉር ቅባቷ። ልክ አሁን ከራሷ ላይ እንደወረደ ነው።"

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

"እኔ እኮ አልቋል ብዬ ነበር። ደጋግሜ ስለከፈትኩት በንኖ አለቀ እያልኩ ራሴን ስወቅስ ሰነበትኩ። ለካ ጥፋቱ የሻሹ አይደለም።"

ሁለታችንም ወደ በርሜሎቹ ዞርን።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት።

"ከትኩሳቱ ወዲህ። ጉንፋን ነው፣ ይለቀኛል እል ነበር። የታመመ በርሜል ሽታው ይጮሃል። ዛሬ አንዳቸውም ሳይጮሁብኝ ሲቀሩ፣ እንግዲያው ደህና ናቸው ብዬ መስቀል አደረግሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ክፉው ምክር የመጣው ከእኔ ነው። ሌላ ሙያ የለውም። ይህን ሲያጣ ምን እንደሚቀረው አውቃለሁ። "ጋሼ፣ ማንም አይወቅ። ሰው ዘወር ሲል እኔ ላሽትልህ፣ አንተ ምልክቱን ታደርጋለህ" አልኩት።

ሻሹን አጣጥፎ ወደ ከረጢቱ መለሰው።

"ይህን ሁሉ ዘመን ሰው ያመነው ምልክቴን አይቶ ነው። አፍንጫውንም ያዋሰኝ እግዚአብሔር ነው፤ ቢወስደው ከማን ልደብቀው?"

ተነስቶ ጨርቅ በውሃ ነከረና አሥራ ስምንቱንም መስቀሎች ጠረገ። ላግዝህ ብለው እጄን ገፋው። ከዚያ ኮቱን አራግፎ የእርሻው ባለቤት ቢሮ ገባ። ባሏ የሞተባት፣ ቁጥብ ሴት ናት። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ።

"እመቤት፣ አፍንጫዬ ሞቷል። ጠዋት ያየኋቸው በርሜሎች እንዳልታዩ ይቆጠሩ።"

"ሐኪም ጋ ሄዱ?" አለችው።

"ገና ነው። እሄዳለሁ።"

"ማን ይተካዎት?"

"ልጄ ታሽት። እኔ አጠገቧ ሆኜ እነግራታለሁ።"

ከሰዓት በኋላ እኔ ጎንበስ፣ እሱ አጠገቤ ቆሞ።

"ምን ይላል?"

"እርጥብ እንጨት።"

"ደህና ነው። ቀጥይ።"

ሰባተኛው ላይ ጉሮሮዬ ተቃጠለ። አሥራ አራተኛውም እንዲሁ ነበር። አጎቴ ጎናቸውን ሁለት ሁለቴ መታ መታ አደረገ፤ "ይሄ ታሟል" ለማለት ግን ድምፁ እምቢ አለው። ሁለቱ በርሜሎች ያን ዕለት ተንከባለው ከግቢ ወጡ።

ሐኪሙ ማሽተቱ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል አለ። እስካሁን አልተመለሰም። እኔ ወደ በርሜሎቹ ሄድኩ፣ አጎቴ በእኔ ቦታ ሣጥን ማጠቢያው ጋ ተቀመጠ። ክፉ የተናገረው ሰው አልነበረም። አለቃው እፍ ማለቱን ተወ፤ "ጋሼ" ብቻ ይለው ጀመር፣ "አፍንጫ" የምትለዋን ቆርጦ።

"ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር" አለኝ አጎቴ አንድ ቀን፣ ከሣጥኑ ቀና ሳይል።

በለቀማው ዋዜማ ሁሉም ነገር ተሰናድቶ አለቀ። መቀሶቹ በየመስመሩ ተሰቅለዋል፤ በርሜሎቹ አሁን የእኔን መስቀል ይዘው ቆመዋል። አጎቴ እጁን አድርቆ ከረጢቱን አወጣና ሰጠኝ።

"አንቺ ዘንድ ይቀመጥ። እኔ ስከፍተው ማባከን ነው። አሁን አንዴ አሽተሽ ንገሪኝ።"

ፈታሁት። "ሳሙና። የፀጉር ቅባት።"

"ሌላስ?"

"ትንሽ ላብ።"

"ያን ቀን ላቡን ዘለልሽው።"

"አፍሬ ነው፣ ጋሼ።"

"አትዝለዪ" አለ። ፈገግ አለ። "ስትሠራ ነበራ የምትውለው። ተመስገን፣ እሱም አለ ማለት ነው። በይ ሌላውንም።"

እንደገና ሳብኩና፣ ያገኘሁትን ሁሉ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ከዚያ ቋጠሮውን አጥብቄ አሰርኩት።